ሙቀት ይለመዳል ያልኩት

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የስንዴ ቡቃያ ሙቀት ሲመታው በሴሉ ውስጥ ካልሲየም እንዴት እንደሚመላለስ ነበር። ለእረፍት መካነ ሰላም በመጣሁ ቁጥር ይህን የሰማ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር፤ አይፈረድበትም። ከወግዲ እስከ ቦረና ያለ ገበሬ ስንዴውን የሚቀማው ውርጭ ነው፣ ዋግ ነው፣ በረዶ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ አንድ ጧት ተነስቶ ማሳው በውርጭ ነጥቶ ያገኘበትን ቀን ሲያወራ ድምፁ ይቀየር ነበር። እኔ ደግሞ ለዚህ ሕዝብ በፕላስቲክ ሳህን የበቀለ ስንዴ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ እየከተትኩ እስኪሞት መጠበቅ ተማርኩለት። አንድ ዘመዳችን ገበያ ላይ አግኝቶኝ፣ «በብርድ የሚሞትብን አንሶ በሙቀት የሚሞት ልትጨምርልን ነው?» ብሎኛል። ስቄ አለፍኩት። ውስጤ ግን ተናድዶ ነበር፤ ከነሱ የተሻልኩ ይመስለኝ ነበርና።

አሁን እዚሁ መካነ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ማስረዳት አመሌ ነው፤ ጥፋቴም ከዚሁ አመል የመጣ ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ ደግሜ ላስረዳ።

የእጽዋት ሴል መሃሉ ላይ ካልሲየም አይወድም። ከውጭ በግድግዳው ዙሪያ ካልሲየም ሞልቷል፤ ከውስጥም ቫኪዩል በሚባለው ከረጢቱ ውስጥ ታጉሯል። በመሃል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ግን የለም በሚባል መጠን ነው የሚገኘው። ሙቀት ሲመጣ የሴሉ ሽፋን ይላላል፣ በሮች ይከፈታሉ፣ ካልሲየም ወደ መሃል ይገባል። ይህ መግባቱ ራሱ መልእክት ነው። «ሙቀት መጣ» ብሎ መጮህ ማለት ነው። ጩኸቱን የሚሰሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ካልሲየሙን ይይዙና ወሬውን ያቀብላሉ፣ ሴሉም ሌላው አካሉ እንዳይበላሽ የሚጠብቁ ፕሮቲኖችን ማምረት ይጀምራል። ከዚያ ፓምፖቹ ካልሲየሙን እየለቀሙ ወደነበረበት ይመልሱታል፣ ነገሩም ይረጋል። ፓምፖቹ ካልቻሉና ካልሲየሙ እዚያው ከቀረ ግን ሴሉን የሚገድለው ያው ካልሲየም ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። መጀመሪያ ለዘብ ያለ ሙቀት የነካው ቡቃያ፣ ከዚያ ትንሽ ካረፈ፣ ሌላውን የሚገድለውን ሙቀት ችሎ ያድራል። ይህን በራሴ እጅ ሠርቼ በራሴ ዓይን አይቻለሁ። «ትንሽ ካረፈ» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ለሰው ስናገር ይህቺን ዘልያታለሁ።

እህቴን በሰባት ዓመት እበልጣታለሁ። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቁማ ዓረብ አገር ሄደች። ለምን እንደሄደች አላሳምረውም። አባታችን ሞቷል፣ እናታችን ብቻዋን ናት፣ ከሁለታችን አንዳችን ማቆም ነበረብን። ማንም ተቀምጦ አልመከረበትም። እሷ አቆመች፣ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። ስትሸኝ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜላታለሁ፤ ለብዙ ጊዜ ይህን እንደ ትልቅ ውለታ እቆጥረው ነበር።

የገባችበት ቤት ትልቅ ነው። ወጥ ቤቱ ግን ከዋናው ቤት ውጭ ግቢ ውስጥ ተነጥሎ የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ነው። መኝታዋም ሰገነት ላይ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለች ክፍል ነች። በጥር ሄዳ እስከ መጋቢት ሳቅ ያለበት ድምፅ ነበር የምትልክልን። ከሚያዝያ በኋላ ስለ ሙቀቱ ብቻ ማውራት ጀመረች።

ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ደፍ ላይ ብቻ ነው። እናቴ ስልኩን እዚያ ታስቀምጠዋለች፣ የድምፅ መልእክት ሲገባ ጎረቤት ይጠራል። እኛ ሰፈር የዓረብ አገር መልእክት ለብቻ አይሰማም። ልጇ እዚያ ያለች እናት ሁሉ የሌላዋንም ልጅ ድምፅ መስማት መብቷ ነው፤ ተጎንብሳ አብራ ትሰማለች፣ አብራም ትመልሳለች። እህቴ «እማ፣ ወጥ ቤቱ እሳት ነው፣ ግድግዳው ራሱ ያቃጥላል» ስትል መስኮቱ ላይ ያሉት ሴቶች ስልኩን እየተቀባበሉ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አላህ ያግዝሽ፣ አብሽሪ» ይሏታል። በኛ አገር ይህቺ ቃል የማትገባበት ጉዳይ የለም፤ ሰው ሲሞትም፣ ፈተና ሲወደቅም፣ ጥርስ ሲያምም ትባላለች። በሴቶቹ አልፈርድም። ከዚያ ሌላ የሚልኩላት ነገር አልነበራቸውም። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ፤ ሌላ ነገር ነበረኝ።

አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ሳለሁ እናቴ ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ አንተ ስለ ሙቀት አይደል የምትማረው? ይቺ ልጅ ሙቀቱ ፈጀኝ ትላለች። ምን ትሁን?»

ስለ ጥናቴ የሆነ ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እህቴ ተቃጠልኩ እያለች እኔ ስለተጠየቅሁ ደስ አለኝ።

«እማ፣ አትጨነቂ» አልኳት። «ስንዴውም መጀመሪያ ላይ ነው የሚጮኸው። ከዚያ ሰውነቱ ይዘጋጅና ይረጋጋል፣ የባሰውንም ይችላል። እሷም እንደዚያ ናት። ትለምደዋለች።»

«ወላሂ በል?»

«አይቼዋለሁ እማ። በእጄ ሠርቼዋለሁ።»

እናቴ ይህን ይዛ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ልጇ ዓረብ አገር ያለች ጎረቤታችን በስልክ አስጠርታኝ፣ ስንዴው ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚለምድ ጠየቀችኝ። እኔም ቀኑን ነገርኳት። አሁን ሳስበው ሳቅም ልቅሶም ይመጣብኛል፤ ሴትዮዋ ቀኑን ለልጇ አስልታላት ይሆናል።

ከዚያ አረፋ መጣ። የዚያን ዓመት በዓሉ የዋለው ሰኔ ላይ ስለነበር ላቦራቶሪውን ዘግቼ ቤት ገብቻለሁ። ከሶላት መልስ በልተን ጠግበን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ሳለ የእህቴ መልእክት ገባ። እናቴ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማ፣ ኢድ ሙባረክ። እዚህ እንግዳው ብዙ ነው፣ ከሱብሒ ጀምሮ ቆሜ ነው ያለሁት። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ራሴን ያዞረኛል። ሙቀቱን አልቻልኩትም እማ፣ ወላሂ አልቻልኩትም። ልምጣ?»

በዚያ ቤት ውስጥ ማንም አብሽሪ አላለም። «ልምጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አዎ ወይም አይ ነው የሚባለው። እናቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ። ስልኩን አንስታ ሰጠችኝ፣ እኔም ተቀብዬ መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ሰው ሁሉ እየሰማኝ ስለነበር ድምፄን አሳምሬ ነበር። ሰውነት ብልህ ነው አልኳት። አሁን የሚሰማሽ ሰውነትሽ እየተዘጋጀ ስለሆነ ነው አልኳት። ሌሎቹም ልጆች እንዲሁ ብለው ለምደውታል፣ አንቺም ትለምጂዋለሽ፣ ትንሽ ታገሺ አልኳት። ስለ እግሯ ምንም አላልኩም። የባዮሎጂ ሰው ነኝ፤ እግር ያበጠበትን ሰው ስለ ሽንቱ መጠየቅ እንደሚገባ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም ነበር። አልጠየቅኩም፤ የማወራው ስለ ስንዴው ነበርና። ስጨርስ አንዷ ጎረቤት «አላህ እውቀትህን ይጨምርልህ» ብላ መረቀችኝ።

እህቴ የመለሰችው «እሺ ጋሼ» ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ሙቀት አንድም ቀን አላነሳችም። መልእክቷ አጠረ። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ አፊያ ናችሁ?» ትላለች፣ አበቃ። ከልብ እፎይ አልን። እናቴ «ይኸው ለመደችው» አለች። እኔም «ነግሬሽ አልነበር?» አልኩ።

አሁን የምናገረውን ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። በዚያው ክረምት ላቦራቶሪ ተመልሼ ሌላ ሙከራ ሠራሁ። ከፊሎቹን ቡቃያዎች የካልሲየሙን በር የሚዘጋ ኬሚካል ያለበት ውሃ አጠጣኋቸው። በመጀመሪያው ቀን፣ ለዘብ ባለው ሙቀት፣ ከሁሉ ያማሩት እነዚያ ነበሩ። ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፣ ምንም የደረሰባቸው አይመስሉም። እኔም ረቂቄ ላይ «እነዚህ በሙቀቱ አልተጎዱም» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ዓረፍተ ነገሩን በቀይ ሰርዛ ጠራችኝ።

«አለመጮህና አለመጎዳት አንድ ነው እንዴ?» አለችኝ። «የዘጋንባቸው እኛ ነን። ሁለተኛውን ሙቀት ስጣቸውና ና።»

ሰጠኋቸው። ከሁሉ ቀድመው የወደቁት እነሱ ናቸው። በማግስቱ ሳጥኑን ስከፍተው የተቀቀለ ጎመን ሸተተኝ። ዓረፍተ ነገሩን አስተካክዬ ጻፍኩ፤ ጥናቴም በጣም ጥሩ የሚል ውጤት አገኘ። ስህተቱን ወረቀቱ ላይ አርሜዋለሁ። እቤት ያለውን ግን ማረም ትዝ አላለኝም፤ በዚያው ሳምንት ከእህቴ «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ደርሶኝ «ጎበዝ» ብዬ መልሼላታለሁ።

ሁለት ዓመት ቆይታ መጣች። መናኸሪያ ከደሴው መኪና ስትወርድ አልለየኋትም። ፊቷ ሞልቷል፣ ጉንጯ ወጥሯል፣ ቆዳዋ ነጥቷል። ጎረቤቶቹ እልል አሉ። «ማሻአላህ! ወፍራ፣ ቀልታ መጣች! ዓረብ አገር ተስማምቷታል!» አሉ። በኛ ሰፈር ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ከስታና ጠቁራ ከመጣች ይታዘንላታል፤ ሞልታና ነጥታ ከመጣች ግን ደልቷታል ነው የሚባለው። እናቴ ጉንጯን እየሳመች «ደልቶሽ ነው የከረምሽው!» አለቻት። እህቴ ፈገግ አለች። ቤት ገብታ ካልሲዋን ስታወልቅ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠልቆ የሠራውን መስመር አየሁት። ያ ስብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰዉ ግን እየሳቀ ነበር፣ እናቴ ደስ ብሏት ነበር፣ እኔም «ወፍረሻል» አልኳት።

በሳምንቱ ማስመለስ ጀመረች። ከጤና ጣቢያው ወደ ደሴ ላኩን። ወጣት ሐኪም ነበር፤ የደም ምርመራውን አይቶ ወንበሩን አስጠጋ። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው ነበር።

«እግርሽ ማበጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«በሄድኩበት ዓመት፣ የአረፋ ሰሞን» አለችው።

«ውሃ ትጠጪ ነበር?»

«ሽንት ቤቱ ከወጥ ቤቱ ሩቅ ነበር። ሥራ ይቆምብኛል ብዬ እተወው ነበር።»

«ያኔ ለማንም አልተናገርሽም? ለቤተሰብ እንኳ?»

እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ፣ የምርመራ ወረቀቶቿን የያዘው ፌስታል ጉልበቴ ላይ ነው። አላየችኝም።

«አልተናገርኩም» አለችው። «ሌላው ሰው ሲለምደው እኔ እምቢ ያለኝ የራሴ ድክመት መሰለኝ።»

ሐኪሙ ጻፈ። በሙቀት ውስጥ ውሃ ሳይጠጡ ለረጅም ጊዜ መሥራት ኩላሊትን ቀስ በቀስ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ሌላም ምክንያት ተጨምሮበት ሊሆን እንደሚችል አስረዳን። «ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ ተናግራለች፣ ያ ሁሉ ሴት እየሰማ ተናግራለች፣ የመለስኩላት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ዘግቼ ወጣሁ። ፋይሏ ላይ «ለማንም አልተናገረችም» የሚለው እስከ መጨረሻው እንዳለ ነው።

ደሴ አንዲት ክፍል ተከራየን። ሰኞና ሐሙስ የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። እናቴ አብራት ተቀመጠች፤ እኔም ትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜዎቼን ወደ ሦስት ቀን ስላጠጋጋልኝ ለሁለቱ ቀኖች እደርስላት ነበር። ኩላሊቴን ልሰጣት ተመረመርኩ፣ የደም ዓይነታችን አልገጠመም። እናቴ ስኳር ስላለባት ጭራሽ አልመረመሯትም። ውጤቱን ስነግራት እህቴ «እንኳንም» አለች፤ ለምን እንደዚያ እንዳለች አልጠየቅኳትም።

በዚህ መሃል አንድ ቀን መካነ ሰላም ላይ፣ ያን ጊዜ ስንዴው ስንት ቀን እንደሚፈጅበት የጠየቀችኝ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። ልጇ አሁንም እዚያው ዓረብ አገር ናት። «ደህና ነኝ ብትልሽም ጠይቂያት» አልኳት። «ውሃ ትጠጣ እንደሆነ ጠይቂያት። ሽንቷን፣ እግሯን ጠይቂያት። ያኔ ያልኩሽ ስህተት ነበር፤ ሰው እንደ ስንዴ አይደለም። ስንዴውም ቢሆን እንደነገርኳችሁ አይደለም።» ሴትዮዋ ቆማ ሰማችኝና ፊቷ ተቀየረ። «ትለምዳለች ያልከን አንተው ራስህ ነህ» አለችኝ። «ልጄ ለምዳለች። እህትህ ታመመች ብለህ በልጄ አታሟርትብኝ!» በሩን ዘጋችብኝ። ለምን እንደምናደድባት አላውቅም፤ የያዘችው የኔን ቃል ነው።

እጥበቱ አራት ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ እሷ ጣሪያውን ታያለች፣ እኔ ማሽኑን አያለሁ። አንድ ሰኞ ፊቷን ሳታዞር «ጋሼ፣ ላውራልህ?» አለችኝ።

ከአውሮፕላን ከወረደችበት ቀን ጀመረች። ቤቱን፣ በሩን፣ የልጆቹን ፀባይ፣ ማዳሟ የመጀመሪያ ቀን የሰጠቻትን ጫማ ሳይቀር ነገረችኝ። አትቸኩልም፣ አታማርርም፤ በየቀኑ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መጋቢትን ጨረሰች፣ ሚያዝያ ገባች። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚያርፉበት ቦታ ስለሌለ ፍሪጁን ከፍታ ፊቷን ለአፍታ የምታስገባበትን፣ ማታ ፍራሿን ውሃ ረጭታ የምትተኛበትን ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። በልቤ አንድ ነገር ወሰንኩ። አረፋ ላይ ስትደርስ፣ ያንን መልእክቴን ስታነሳ፣ አቋርጫት ይቅርታ እጠይቃታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ቀድሜ መጠየቅ እችል ነበር። በየትኛውም ሰኞ፣ በየትኛውም ሐሙስ እችል ነበር። ግን እሷ ቀድማ እንድትወቅሰኝ ፈለግሁ፤ ሳትወቅሰኝ ይቅርታ መጠየቅ ከበደኝ።

በመጨረሻው ሰኞ ስለ በዓሉ ዝግጅት ነገረችኝ። ሰገነቱ ላይ ምንጣፎቹን ሁሉ ብቻዋን እንዳጠበች፣ እንግዶቹ ስንት እንደነበሩ፣ በጎቹ ወደ ግቢው እንዴት እንደገቡ ነገረችኝ። «ከዚያ አረፋ ሆነ» አለችና አየችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ስታወራ ዓይኔን ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም አፌን ከፈትኩ። ነርሷ ማሽኑን ልትነቅል መጣች። እህቴ ደክሟት ነበር፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቀሪውን ሐሙስ» አለችኝ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ እናቴ ሻሿን እያሰረችላት ሳለ አረፈች። ሐሙስ መካነ ሰላም ቀበርናት።